ቦርጩን ያመጣሁት እኔ ነኝ እንዴ?

ቦርጩን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ተማሪዎቼ ዓመታት ሙሉ በክትፎ፣ በቢራና በወንበር ኮትኩተው ያሳደጉት የገዛ ንብረታቸው ነው። ሲያድግ አልተማከርኩም፤ ክርስትናም አላነሳሁትም። ታዲያ አንድ ቀን ሱሪ እምቢ ሲላቸው፣ የዋጋው ወረቀት ገና ያልተነቀለ ቱታ ለብሰው ይመጡና፣ "ጋሼ፣ ይቺን ነገር በሁለት ሳምንት ያጥፉልኝ፤ የእህቴ ሠርግ ደርሷል" ይሉኛል። "ይቺ ነገር" ይሏታል ደግሞ! ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ የያዘቻቸው ነው የሚመስለው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ኮተቤ ተምሬ፣ ክፍለ ሀገር አስተምሬ፣ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ፣ ዕድሜዬን የልጅ ሰልፍ ሳቃና ጨረስኩ። ጡረታ ስወጣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ጋዜጣ አነባለሁ፣ በተረፈኝ ጊዜ እግር ኳሳችንን እወቅሳለሁ ብዬ ነበር። የሰፈሬ ሰው አልፈቀደም። መጀመሪያ ሁለት ጎረቤቶቼ "ጠዋት ጠዋት አብረን እንፍታታ" አሉኝ። ሁለቱ አሥር ሆኑ፤ አሥሩ ሜዳ ሞሉ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ቆሜ ፊሽካ እነፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ጂም ቤት ቀጥሮኛል፤ እዚያ ያለው ጉድ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

እስቲ ስለዚያች ሁለት ሳምንት እንተሳሰብ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ ወደ 7,700 ካሎሪ አለ። መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያጭበረብር ኤሮቢክስ ቢሠራ 400፣ ቢበዛ 500 ቢያቃጥል ነው። "ሳያጭበረብር" የምትለዋን አስምሩባት። እንግዲህ ለአንዲት ኪሎ ከ15 እስከ 20 ጊዜ መምጣት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ከሜዳው ሲወጡ በሩ ላይ ካለችው ጭማቂ ቤት ገብተው፣ አቮካዶውን ከማንጎው ያነባበረ ስፕሪስ በስኳር ካልጠጡ። ይገባሉ። ሁሉም ይገባሉ። "ላብ የወጣበት ሰውነት መተካት አለበት" ይሉኛል። ሁለተኛው ክርክር ደግሞ "ጋሼ፣ ለእኔ ሲት አፕ ብቻ ይስጡኝ፣ ሌላው ቦታ አያስቸግረኝም" የሚለው ነው። ስብ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ቀድሞ እንደሚለቅ የሚወስነው ሰውነት ራሱ ነው። ማመልከቻ አይቀበልም፤ አማላጅም አይሰማም። ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከላይ የተኛውን ስብ ለይቶ አያነሳም። ይህን ስነግራቸው "እሺ" ይሉና፣ ዞር ስል ተኝተው ሲት አፕ ሲሠሩ አገኛቸዋለሁ።

ለዚህ ሁሉ መከራዬ ተጠያቂው ማን ነው ካላችሁ፣ ኬኔት ኩፐር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 "ኤሮቢክስ" የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ሰውን 12 ደቂቃ አስሩጦ የሄደውን ርቀት በመለካት ልቡና ሳንባው ምን ያህል እንደሚሠሩ የሚገምትበትን ፈተናም አመጣ። እኛም ኮተቤ ተምረነው፣ ተማሪዎቻችንን ስናስለቅስበት ኖርን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር፤ ሩጫ ነው፣ ወንድ ልጅ ይሮጣል፣ ሴት ልጅ ትሮጣለች፣ አለቀ። በዓመቱ ጃኪ ሶረንሰን የምትባል ዳንሰኛ ፖርቶ ሪኮ ላይ የአየር ኃይል ሰዎችን ሚስቶች ሰብስባ ነገሩን ከዳንስ ጋር አጋባችው። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዋናይቷ ጄን ፎንዳ በቪዲዮ ካሴት ወደየሰው ሳሎን አስገባችው። ከዚያ ደግሞ ቤቶ ፔሬዝ የሚባል ኮሎምቢያዊ የኤሮቢክስ ካሴቱን ቤቱ ረስቶ ሄዶ፣ የራሱን የሳልሳ ካሴት አጫውቶ ዙምባን ወለደ ብለው ይተርካሉ። ልብ በሉ፤ እሱ ካሴት ረሳና ዓለም አወቀው። እኔ ፍላሼን የረሳሁ ዕለት ግን ግማሹ ክፍል "እንግዲያው ዛሬ የለም ማለት ነው" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይኼውላችሁ፣ ይህ ሥራ ከላይ ሲያዩት ጭፈራ፣ ውስጡ ሲገቡ ሒሳብ ነው። ሙዚቃው በስምንት ይቆጠራል። አራት ስምንት ሠላሳ ሁለት ይሆንና አንድ ዙር ይዘጋል። እንቅስቃሴ የሚለወጠው ዙሩ ሲዘጋ ነው፤ አስተማሪው ደግሞ ሊለወጥ አራት ምት ሲቀረው መናገር አለበት። ዘግይቶ ከተናገረ እግር ቀድሞት ሄዷል። ቸኩሎ ከተናገረም ይረሱታል። ፊቱን ወደ ተማሪ ሲያዞር ቀኝና ግራ ስለሚገለበጥ፣ በአፉ "ወደ ቀኝ" እያለ በእግሩ ወደ ግራው ይሄዳል። በዚያ ላይ ፈገግ ማለት አለበት ይላሉ። የትኛው አፍ ተርፎት?

እኔ ይህን ሁሉ ችዬ "ወደ ቀኝ!" ስል እነሱ አፌንም እግሬንም ትተው ጎረቤታቸውን ያያሉ። ጎረቤቲቱም ጎረቤቷን ታያለች። አንዲት ሴትዮ ፊት ላይ የሳተችው እርምጃ ኋላ መስመር ሲደርስ ባህል ሆኗል። በእኛ ጊዜ "ቀኝ ኋላ ዙር!" ሲባል የትምህርት ቤቱ ተማሪ በሙሉ በአንድ ተረከዝ ይዞር ነበር። ያ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። ደርግ ነበር፤ ከሰልፍ ውጭ ወደ ቀኝ ማለት ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ብቻ ሰልፉ ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

የሙዚቃውን ጣጣ ደግሞ ስሙኝ። ያ የስምንቱ ቆጠራ የሚሠራው ለፈረንጅ ዘፈን ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚሽከረከር ነው፤ በሁለት ልክፈለው ሲሉት ሦስት ይሆናል፣ በሦስት ሲሉት ሁለት። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ብዬ ስነሳ ከበሮው ወደ አገሩ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የፈረንጅ ሙዚቃ ነበር የማመጣው፤ በደቂቃ ከ130 እስከ 140 ምት የሚመታ፣ ለቆጠራ የተመቸ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተወካይ ተላከብኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይገባንም፤ የአገራችን ይሁንልን።" ይሁን አልኩ። እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

ጉራጌኛው ሲመጣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሥራዬን ይሠራልኛል። ጉልበት ደረት ድረስ ይነሳል፣ ክንድ ይወነጨፋል፣ ልብ ይመታል። ኩፐር አንድ የሰባት ቤት ጉራጌ መስቀል ላይ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ያን መጽሐፍ ለመጻፍ ባልደከመ። ትግርኛው ሲመጣ ሰልፉ ክብ ይሆናል። ክቡ ይዞራል፤ ሲዞር ሲዞር ከሜዳው ወጥቶ ኮብልስቶኑ ላይ ይደርሳል፤ በፊሽካ ነው የምመልሰው። የጎጃም እስክስታ የመጣ እንደሆነ ግን ትምህርቱ አበቃ። ትከሻ ሲነሳ እግር ሥራ ያቆማል። እኔ "እግር! እግር!" እያልኩ እጮኻለሁ፤ እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻቸውን ያርገፈግፋሉ። አንዷ እልል ትላለች። ሁለቱ ይፋጠጡና ይወራረዳሉ። አንድ ጊዜ ይኸው እንዲህ ሲጋል አንድ ሰውዬ ወደ እኔ መጣና ላብ የወረደው ግንባሬ ላይ መቶ ብር ለጠፈልኝ። አዝማሪ አደረገኝ። ብሯን ወሰድኳት፣ ለምን እዋሻለሁ? ሰውየው የወር ክፍያውን ግን እስከ ዛሬ አልከፈለም።

የክፍያ ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ ሜዳው ላይ የሚከፈለኝ ከሞንታርቦው ኪራይ ብዙም አይተርፍም። "ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥልን" የሚል ምርቃት ግን ሞልቶኛል። ዕድሜ እንዲሰጠኝ የሚመርቁኝ እነሱን ደግሜ እንዳሠራቸው ነው።

የፊት መስመር የሚባል አለ። ሦስት እትዬዎች ናቸው፤ ቦታቸው በርስት የተያዘ ነው፤ አንድ አዲስ መጪ ሳታውቅ የቆመችበት ዕለት የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። እኔ የድካምን ልክ ለማወቅ የማስተምረው ቀላል መለኪያ አለ፤ መሣሪያ አይፈልግም። እየሠራህ ማውራት ከቻልክ፣ መዝፈን ግን ካቃተህ፣ ልክህ ላይ ነህ። ማውራትም ካቃተህ በዝቶብሃል። መዝፈን ከቻልክ አልጀመርክም። እነዚህ ሦስት እትዬዎች የእድሩን ድንኳን ጉዳይ ያወራሉ፣ ከዘፈኑ ጋር ይዘፍናሉ፣ ይስቃሉ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዞር ብለው ኋላ ያለውን "ጉልበትህን አንሳ እንጂ" ብለው ይቆጡታል። መለኪያዬን ገደል ከተቱት። እንዲያው ልባቸው ሁለት ይሆን እንዴ?

የኋላ መስመር ሌላ መንግሥት ነው። ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ነው ዋና ከተማው። እኔ ፊቴን ወደ እነሱ ሳዞር ይንቀሳቀሳሉ፣ ስመልስ ይቆማሉ። ለቁጣ ብዬ ስሄድ ሁሉም ባንዴ የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ የተረት ሊቅ ነው፤ "ፍጠን" ባልኩት ቁጥር "ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል። ልክ ነው፤ እንቁላሉ ግን 21 ቀን ሳይነሳ ታቅፎ ሞቆ ነው የሄደው። አንተ በወር ሁለት ቀን እየመጣህ ማን ነው የሚያቅፍህ?

የሚገርመኝ ደግሞ ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጣው ዘመድ ነው። ዋሽንግተን ሆኖ በሳምንት አምስት ቀን ጂም እንደሚገባ፣ ትሬድሚል ላይ ይህን ያህል ማይል እንደሚሮጥ፣ ገና ሳይፈታታ ለሰፈሩ በሙሉ ያውጃል። የክንዱን ውፍረት አይቼ እኔም አከብረዋለሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳር አገሩን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሳንባህ ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል ብዬ አጽናናዋለሁ። የፊት መስመር እትዬዎች ግን አያጽናኑትም። "አሜሪካ አጃ ብቻ እየበላ ነው" ብለው ይፈርዱበታል፤ ለምሳ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ አላየውም።

የእኛ የአዲስ አበባዎቹ ሰበብ ደግሞ የራሱ ባሕረ ሐሳብ አለው። መስከረም ላይ ሜዳው ይጠባል፤ አዲስ ዓመት ነው፣ ሁሉም አዲስ ሰው ሊሆን ምሏል። ጥቅምት "ብርዱ!" ኅዳር ላይ ድንገት ይጎርፋሉ፤ ታላቁ ሩጫ ደርሷላ። ያ 10 ኪሎ ሜትር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አለ፤ የመጀመሪያውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ አሸነፈው። የእኔዎቹ ከሩጫው ሦስት ሳምንት አስቀድመው ይመጣሉ፤ ቲሸርቱን ይገዛሉ፤ ዕለቱን እየጨፈሩ በእግር ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ቲሸርቱን ለብሰው ገበያ ይወጣሉ። ቲሸርቱ ከባለቤቱ የበለጠ ሮጧል። ቀጥሎ የገና ጾም፤ "ባዶ ሆዴን ነኝ ጋሼ።" ከዚያ ጥምቀት። ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ 55 ቀን። ከዚያ ፋሲካ፤ "ጋሼ፣ ሆዴ ከብዶኛል።" ባዶ ሲሆን ባዶ ነው፣ ሲሞላ ሙሉ ነው፤ የሚመቸው ሆድ በየትኛው ወር እንደሚገኝ ንገሩኝ! ከበዓለ ሃምሳ በኋላ ትንሽ ይሞከርና ክረምት ይገባል፤ ጭቃ። ሙስሊሞቹ ተማሪዎቼ ይሻላሉ፤ ረመዳን ሳይገባ ቀድመው "ሰዓቱ ይቀየርልን" ይሉኛል፣ ሲቀየር ደግሞ ይገኛሉ። ይህን ለሌሎቹ ብነግር "ጋሼ አድላዊ ሆኑ" ተባልኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። እኔ ይህን አይቼ ነው የእያንዳንዱን ቀን ትምህርት 50 ደቂቃ ያደረግሁት፤ ሦስት ጊዜ 50፣ 150። ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ። እነሱ 12 ሰዓት ሲባል 12 ከሩብ ይመጣሉ። በየሳምንቱ 45 ደቂቃ የዓለም ጤና ድርጅትን ይበድሉታል፤ የሚወቀሰው እኔ ነኝ፤ "ጋሼ፣ ለውጥ አላየሁም።"

ጫማ ግዙ ስል ደግሞ አበበ ቢቂላን ያመጡብኛል። "አበበ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ሮም ያሸነፈው?" ይህን የሚለኝ ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ የባንክ ጡረተኛ ነው። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የደገመው፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ብዙም ሳይቆይ። እነሱ የማያነሱትን፣ እኔ ግን ዘወትር የምነግራቸውን ልንገራችሁ። አበበ ቶኪዮ ስታዲየም ገብቶ መስመሩን እንዳለፈ አልወደቀም፣ አልተዘረጋም። ሣሩ ላይ ሄደና ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ሕዝቡ ቆሞ አፉን ከፍቶ እያየው፣ 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው እግሩን ሰቅሎ ያንቀሳቅስ ነበር። ሁለተኛው የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። የእኔዎቹ ይኸው "አሁን ሰውነት ማቀዝቀዣ" ስል ግማሾቹ ቁልፋቸውን ያንቃጭላሉ፣ ግማሾቹ ስፕሪስ ቤት ደርሰዋል። አበበን ለጫማ ጊዜ ብቻ ነው የሚያውቁት።

ጂም ቤቱ ጋ ያለውን እመጣበታለሁ ብያለሁ። እዚያ መስታወት አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ሽቶ አለ። ስልክ በሦስት እግር ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዲት ልጅ "ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይሁኑልኝ፣ ካሜራዬ ውስጥ ገብተዋል" ብላኛለች። የማስተምረው እኔ ነኝ እኮ ልጄ! አንዱ ደግሞ እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት የልብ ምቱን ይነግረዋል። ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፣ የቀረው የልብህ ጣሪያ ግምት ነው የሚለውን የድሮ ቀመር እኔም አስተምራለሁ፤ ግምት መሆኑንም እነግራለሁ። እሱ ግን ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ጋሼ፣ ሰዓቴ ገና ነህ ይለኛል" አለኝ። "ተቀመጥ" አልኩት። "ሰዓቱ ግን..." "ሰዓቱ ይቀጥል፣ አንተ ተቀመጥ።"

በዚያው ጂም ቤት እኔ ጉንፋን የያዘኝ ሳምንት በምትኬ የገባ ወጣት አሠልጣኝ አለ። ጆሮው ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን አለው፤ እንደ ልቡ ያንሾካሹክበታል። "ካም ኦን! ጎበዝ! አሪፍ!" ይላል፤ ሌላ ቃል አላስተማሩትም። የሳተውንም "አሪፍ"፣ የተኛውንም "አሪፍ"። ስመለስ ተማሪዎቹ "ጋሼ፣ ልጁ እኮ በጣም ጎበዝ ነው፣ አይቆጣም" አሉኝ። እኔ ያለ ማይክሮፎን በሞንታርቦ ላይ ስጮህ ጉሮሮዬን ጨርሻለሁ፤ ቤቴ ስገባ ድምፅ አጥቼ ባለቤቴን በምልክት ነው የማናግራት። ዝንጅብልና ማር ታጠጣኛለች። "በዚህ ቤት ሰላም የሰፈነው አንተ አሠልጣኝ ከሆንክ ወዲህ ነው" ትላለች ለጎረቤት።

ታዲያ ለምን አትተወውም ትሉኛላችሁ። ሁሉም ይህን ይጠይቀኛል፤ ልጆቼም ጭምር። እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁና ፍረዱ።

ከፊት መስመር እትዬዎች አንደኛዋ ሲመጡ ዱካ ላይ ተቀምጠው ለመነሳት ሁለት ሰው ይጎትታቸው ነበር። ስኳት አስጀመርኳቸው፤ መጀመሪያ ወንበር ይዘው፣ ቀጥሎ የእኔን እጅ ይዘው፣ ቀጥሎ እየተራገሙ። የዘንድሮ ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ዋሉ። ሥራውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መውደቅና መነሳት ነው፣ በመቶ የሚቆጠር፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ባዶ ሆድ። እሳቸው ከወጣቶቹ እኩል ጨረሱ። ከፋሲካ በኋላ ሜዳ መጥተው፣ "ጋሼ፣ ተአምር ነው! ዘንድሮ ጉልበቴን ጠበሉ ፈወሰው" አሉኝ። "ስኳቱስ እትዬ?" አልኩ፣ ቀስ ብዬ። "እሱማ ድካም ነው፤ ምን ይጠቅማል!" አሉና ቦታቸው ላይ ቆሙ። ጠበሉን አልጠራጠርም። ብቻ በወር ሦስት ብር የማላተርፍበት ሥራ ላይ አንዲት "ጋሼም ረድተውኛል" ብትጨመር ጠበሉ ይቀንስ ነበር?

አንድ ሻለቃም አሉ፣ የድሮ ሠራዊት፣ ከኋላ መስመር። የጫማቸውን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው አስራላቸው ነበር የሚመጡት። አሁን ራሳቸው ያስራሉ። ይህንንም ያወቅሁት ነግረውኝ አይደለም፤ እኔን ሲያዩ ሥራ ለማቆም ከሌሎቹ ጋር ጎንበስ ማለት ስለጀመሩ ነው። ልቆጣቸው ሄጄ ጎንበስ ብለው አየሁና አፌን ዘግቼ ተመለስኩ። ሻለቃው እስከ ዛሬ ያመለጡኝ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ የመጨረሻው ጉድ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኢትዮጵያዊ ሦስት ሆኖ ሜዳ ከቆመ ኮሚቴ አይቀርም፤ መዘግየቱ ራሱ ይደንቃል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር ተመረጡ፤ ኦዲተሩ ያ የተረቱ ሊቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራሁ። አጀንዳው ሦስት ነበር፤ አንደኛ የሞንታርቦ ኪራይ፣ ሁለተኛ የክረምት ድንኳን፣ ሦስተኛ "የአሠልጣኙ ቁጣ"። አለቀልኝ አልኩ። ያንን "አሪፍ" ባዩን ልጅ ሊያመጡት ነው፤ ይገላግሉኛል፣ በረንዳዬንና ጋዜጣዬን አገኛለሁ ብዬ ደስም አለኝ፣ ደምም ፈላብኝ።

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ከፍታ የቀረበውን አቤቱታ አነበበች። አቤቱታው ከፊት መስመር የመጣ ነው። አሠልጣኙ ዘወትር ወደ ኋላ እየሄዱ የኋላውን መስመር ብቻ እንደሚቆጡ፣ ፊት ያሉት አባላት ግን እኩል እየከፈሉ አንድም ቀን ተቆጥተዋቸው እንደማያውቁ፣ በዚህም ምክንያት የኋላዎቹ በግልጽ እየተሻሻሉ መሆኑን ይዘረዝራል። የእድሩን ድንኳን ከሚያወሩት እትዬዎች አንደኛዋ ተነስተው፣ "እኛ ሰው አይደለንም? ዝም የሚሉን ሊጥሉን ነው?" አሉ። ሻለቃው የኋላ መስመር ድርሻ እንዳይነካ ተከራከሩ። ኦዲተሩ ተረት ጨመረ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ያን ያህል ሜዳ ላይ ቆመው አያውቁም።

ቁጣ በሁለቱ መስመሮች መካከል በፍትሐዊነት ይከፋፈል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ከሰኞ ጀምሮ ይጸናል። እኔ ፈረምኩ። መቶ ብር ግንባሬ ላይ የለጠፈው ሰውዬም ፈርሟል፤ የወሩን ክፍያ ግን አላመጣም፤ ሰኞ የምጀምረው ከእሱ ነው።